አርባ አንድ ቁጥር አልጠፋችም

«ጠፍታለች ብለሽ ጻፊ» አለ ዶክተሩ ከሳንቃው ግድግዳ ወዲያ። «ሦስት ጊዜ ተደውሎላት አላነሳችም በይና መዝገቧን ዝጊው። ሰኞ ተቆጣጣሪዎቹ ሲመጡ ያልተዘጋ ነገር እንዳያዩ።»

«አርባ አንድ ቁጥርን ማለትዎ ነው?» አለች ጸሐፊዋ።

«እሷን ነዋ። ሌላ ማን ጠፋ?»

ከሳንቃው ወዲህ፣ የተሳታፊዎች መዝገብ በሚደረደርባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ማግኔት አንድ እጇን የብረት ቁም ሣጥኑ መሳቢያ ውስጥ እንደከተተች ደርቃ ቀረች። አርባ አንድ ቁጥር አልጠፋችም። የሆቴል አንሶላ አጣቢ ናት፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በገዛ ስልኳ ደውላ ከማግኔት ጋር አውርታለች። ደግሞስ ሦስት ጊዜ የደወለላት ማን ነው? በዚህ ቢሮ ለተሳታፊ የሚደውል ከማግኔት በቀር ሰው የለም፤ እሷ ደግሞ ከማክሰኞ ወዲህ አልደወለችም። መሳቢያውን ድምፅ ሳታሰማ ልትዘጋው ሞከረች። ብረቱ እንደ ልማዱ ሲጢጥ አለ፤ ከወዲያ በኩል የነበረውም ወሬ ቀጥ አለ።

ማግኔት የሚል ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ እሷ የደወለችለት ሰው ከጥናቱ ሲወጣ ታይቶ አይታወቅምና። ቢሮው ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሆን አዲስ ክኒን ይሞክራል። መቶ ሃያ በሽተኛ ይፈለጋል፤ ግማሹ እውነተኛውን ክኒን፣ ግማሹ መልኩም ጣዕሙም ከእውነተኛው የማይለይ ባዶ ክኒን ይወስዳል፤ ለማን የትኛው እንደደረሰው ዶክተሩም አያውቅ፣ በሽተኛውም አያውቅ። የማግኔት ሥራ ሰው ማግኘትና የተገኘውን ሰው አለመልቀቅ ነው። ጠዋት ጠዋት የጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ከወረፋ ጠባቂዎች ጋር ትቀመጣለች፤ ጣታቸውን እያሻሹ የሚቀመጡትን በዓይኗ ትለቅማለች፤ ወሬ ትጀምራለች፤ ክኒኑን የምታነሳው መጨረሻ ላይ ነው። ካስፈረመቻቸው በኋላ ደግሞ በየሳምንቱ ትደውላለች። «ያቺ ጉልበትዎ እንዴት ናት?» ትላለች፣ ጉልበታቸው የጋራ ዘመዳቸው ይመስል። የማን ልጅ እንዳገባች፣ ማን መርፌ እንደሚፈራ፣ ማን ከምራቱ ጋር እንደተኳረፈ ታውቃለች። አንድ ጡረተኛ መምህር፣ «የገዛ ልጄ በዓመት አንዴ ነው የምትጠይቀኝ፤ አንቺ ብታድኚኝም ባታድኚኝም ከጥናቱ አልወጣም» ብለዋታል። ዶክተሩ ይህን በስብሰባ ላይ ሲያወራ ሁሉም ሳቁ፤ ማግኔትም ከሁሉም በላይ ሳቀች።

ማክሰኞ አጣቢዋ የደወለችው ግን ለጨዋታ አልነበረም። «እህቴ፣ ሽንቴ የቆየ ሻይ መሰለ» ነበር ያለቻት። «ሰውነቴን ያሳክከኛል። የምግብ ሽታ ራሱ ያቅለሸልሸኛል።» ማግኔት በአንድ ጆሮዋ እሷን እያዳመጠች በሌላው የጸሐፊዋን ጥያቄ ትሰማ ነበር። «ውኃ አብዢ፤ ሙቀቱ ይሆናል» አለቻት። «ክኒኑን ግን አደራ እንዳታቋርጪ፤ ዶክተሩ ይደውልልሻል።» ከዚያ አጣቢዋ ያለችውን ሁሉ፣ እሷም የመለሰችላትን ጨምራ፣ በወረቀት ጽፋ ለዶክተሩ በእጁ ሰጠችው። አነበበው፤ «ደግ» አለና አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ማግኔት ከዚያ በኋላ ምን እንደተደረገ አልጠየቀችም። ሐሳቧ ሁሉ ለመሙላት የቀሩትን ዘጠኝ ሰዎች ከየት እንደምታመጣ ነበር።

አሁን ከቁም ሣጥኑ አጠገብ ቆማ ፊቷ ላይ ድቅን ያለችው ግን አጣቢዋ አልነበረችም። አክስቷ ናት፤ ዛሬ ጠዋት ሻይ እየጠጡ በማበጠሪያ ጫፍ ክንዷን ስታክ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት ይቺ አክስቷ በመዝገቡ ላይ ስድሳ ሰባት ቁጥር ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ጣቶቿ ተቆልምመው መርፌ መያዝ ቀርቶ የገዛ ሹራቧን መቆለፍ አቅቷት፣ ጠዋት ጠዋት የምትቆልፍላት ማግኔት ነበረች። ወደ ጥናቱ የወሰደቻትም ራሷ ናት። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት አክስቷ «ነይ እዪ» ብላ ጠራቻትና ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጋችላት። ተቃቅፈው አለቀሱ። እውነተኛው ክኒን ነው የደረሰሽ፣ ዕድለኛ ነሽ አለቻት። ያ ደስታ አሁን ወደ ፍርሃት ተለወጠ። ባዶው ክኒን ደርሷት ቢሆን ጣቶቿ አይዘረጉም ነበር፤ ጣቶቿ ከተዘረጉ አጣቢዋን ያገኛት ነገር ወደ እሷም እየመጣ ነው። በየቀኑ እየተሻላት በሄደ ቁጥር በየቀኑ እየቀረባት ሊሆን ይችላል።

ስልኳን አውጥታ ለአክስቷ ደወለች። ዝግ ነው። አክስቷ ባትሪው እንዳያልቅ ብላ ስልኳን አጥፍታ ነው የምትውለው፤ «የሚፈልገኝ ቤቴን ያውቀዋል» ትላለች። ማግኔት ቦርሳዋን አንስታ ለጸሐፊዋ «ጥርሴን አሞኛል» አለቻት። ዶክተሩ የቢሮውን በር ተደግፎ ቆሞ ነበር።

«የትኛው ጥርስሽ ነው ማግኔት?» አላት ፈገግ ብሎ።

ጣቷን ወደ ጉንጯ ወሰደች። ደረጃውን ወርዳ ስትጨርስ ግን ያሳየችው ቀኙን ይሁን ግራውን ማስታወስ አልቻለችም።

መንገድ ላይ ቆማ ወደ ቤት ልሂድ ወይስ ወደ አጣቢዋ እያለች ከራሷ ጋር ተሟገተች። ወደ አጣቢዋ እግሯ አደላ፤ ከደግነት ግን አልነበረም። ሴትዮዋን በእግሯ ቆማ፣ እስከ ክንዷ አረፋ ውስጥ ገብታ ብታገኛት ፍርሃቷ ሁሉ እዚያው ያበቃላት ነበር። ሙቀቱ ነው እንዳልኩሽ አይደለም እንዴ ብላ፣ ስቃ፣ ወደ ቢሮዋ ትመለስ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ የመስኮቱን ብረት ጨብጣ ይህንኑ ደጋግማ አሰበች። ተሳፋሪው ስለ ውኃ መጥፋት ያወራል፣ ረዳቱ ግቡ ግቡ ይላል፤ እሷ ግን የሰዉን ሁሉ የዓይን ነጭ እያየች ነበር።

መዝገቡ ላይ አድራሻው «ከሆቴሉ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር» ይላል። በሩ ገርበብ ብሏል። በግቢው ከዳር እስከ ዳር አራት የልብስ ገመድ ተወጥሯል፤ አንዱም ላይ የተሰጣ ጨርቅ የለም። ሳፋዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደፍተዋል፣ ደርቀዋል። ከአንዲት ክፍል ደጃፍ ላይ አጣቢዋን ቁርጥ የምትመስል፣ በዕድሜ ግን ያነሰች ሴት ብቅ አለች።

«ማንን ፈለግሽ?»

«ከጥናቱ ቢሮ ነኝ። እህትሽን ለማየት ነበር...»

የሴትዮዋ ፊት በራ፤ ማግኔትም ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር አለች በልቧ። «አንቺ ነሽ እንዴ የስልኳ! ድምፅሽን አወቅሁት እኮ። ግቢ፣ ግቢ። ‹እሷ አትተወኝም፣ ትመጣለች› እያለች ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ስትጠብቅሽ ነው።»

ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የተጣጠፈ የሆቴል አንሶላ ክምር ነበረባት። አጣቢዋ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። ማግኔት ስትጠራት ቀስ ብላ ዞረች። የዓይኗ ነጭ የእንቁላል አስኳል መስሏል፤ ቢጫው ወደ ጉንጯም ወደ አንገቷም ወርዷል። ክንዷ ላይ ያከከችበት መስመር በመስመር ሆኖ ደምቷል።

«ጎረቤቶች የወፍ በሽታ ነው ይሉኛል» አለች በቀጭን ድምፅ። «እኔ ግን ክኒኑን አላቋረጥኩም። ዛሬ ጠዋትም ወስጃለሁ። እንዳልሽኝ።»

እህቷ ደስ ብሏት የክኒኑን ብልቃጥ ከትራሱ ሥር አውጥታ አሳየቻት፤ አንድ እንኳ ሳይዘለል ተወስዷል። ማግኔት ብልቃጡን ተቀበለች። የአልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። እንዳልሽኝ። በአምስት ወር ውስጥ ስንት ሰው እንዲህ ብሏታል! ስትሰማው ደስ ይላት ነበር፤ በወሩ መጨረሻም «ተሳታፊዎች ምክር ይቀበላሉ» ብላ ትጽፈው ነበር። ብልቃጡን ቦርሳዋ ከተተች። «ተነሺ» አለች። «ተነሺ እህቴ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ። ክኒኑን ከእንግዲህ እንዳትነኪው።»

ለሁለት ደግፈው አወጧት። ማግኔት ትከሻ ላይ ያረፈው የአጣቢዋ ክንድ እንደ ሕፃን ልጅ ክንድ ቀሎ፣ እንደ ምድጃ ደግሞ ይፋጃል። የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በሰው ተጨናንቋል። ተረኛዋ ሐኪም የአጣቢዋን ዓይን ገና ስታይ ከተሰለፈው ሁሉ አስቀድማ አስገባቻት፤ ይህም ማግኔትን ይበልጥ አስፈራት። ሐኪሟ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። ቁጥር እንጂ ስም አልተጻፈበትም።

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«አላውቅም» አለች ማግኔት። አምስት ወር ሙሉ ለሰው ስትሰጥ ኖራ፣ እውነቷን ነው፣ አታውቅም።

«ሌላ የሚወስደው ሰው አለ?»

«አክስቴ» አለች።

ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻት። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ አምጫት እንጂ!»

ገና ኮሪደሩ ላይ ሳለች ስልኳ ጠራ። ዶክተሩ ነው። «ጥርስሽ እንዴት ሆነ?» አላት። ከኋላዋ የአልጋ ጎማ እየተንኳኳ ያልፋል፤ የነርስ ጥሪ ይሰማል። እሱም ያንን አዳመጠ መሰል፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ ልጄ። አርባ አንድ ቁጥር የሥር መድኃኒት የምትጠጣ ሴት ናት፤ ጣጣውን ያመጣችው ራሷ ናት። ይህንን ነገር ብታጋግዪው የሚቃጠለው ማን ይመስልሻል? ‹ክኒኑን እንዳታቋርጪ› ያላት ማን ነው? በገዛ እጅሽ ጽፈሽ የሰጠሽኝ ወረቀት እኔ ጋ አለ። ብፈልግ አወጣዋለሁ፤ ብፈልግ ደግሞ ምንም አልደረሰኝም እላለሁ፤ ማን ያምንሻል? ሂጂ ጥርስሽን ታከሚና ሰኞ በሰዓቱ ግቢ።» ስልኩን ዘጋው። ማግኔት ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች። እስር ቤት ታያት፤ የአጣቢዋ እህት በዳኛ ፊት ቆማ «ድምፅዋን አውቀዋለሁ» ስትል ታያት። ከዚያ የአክስቷ ክንድ ትዝ አላትና እየሮጠች ወጣች።

አክስቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የጎረቤት ቀሚስ ትሰፋለች። ከጎኗ የሻይ ብርጭቆ፣ የክር ጥቅል፣ መቀስ አለ። ሁለት ዓመት ጨርቅ ተጥሎበት የኖረው የልብስ መኪና ተወልውሎ ያብለጨልጫል። ማግኔት በዚህ ሰዓት ቤት መምጣቷን አይታ «ምነው፣ ከሥራ አባረሩሽ?» አለቻት፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ። ማግኔት መልስ ሳትሰጥ አገጯን ይዛ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣቷ ሳብ አደረገችው።

«ኧረ በሕግ! ልትገዢኝ ነው እንዴ?»

ነጩ ቢጫ ይሁን፣ ወይ የዕድሜ መደብዘዝ ይሁን፣ ወይ የመጋረጃው መልክ አርፎበት ይሁን መለየት አልቻለችም። መጋረጃውን ገለጠችው። አሁንም አልተለየላት። «እትዬ፣ ያሳክክሻል?»

«ሳሙናው ነው።»

«ሽንትሽስ? መልኩ ተለውጧል?»

አክስቷ አገጯን አስለቀቀች። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው፣ መልሳ ነቀለችው፣ መልሳ ሰካችው። ውጭ የሆነች ሴት ከሻጭ ጋር ስለ ሽንኩርት ትከራከራለች፤ ክርክሩ አልቆ ሴትዮዋ እስክትሄድ ድረስ ሁለቱም አልተናገሩም። በዚህ ቤት ከባድ ነገር ሁሌም እንዲህ ነው የሚታለፈው። የእናቷ ሞት ጊዜም እዚሁ ወንበር ላይ እንዲሁ ቁጭ ብለው ነበር።

«አሥራ አንድ ቀኑ ነው» አለች አክስቷ በመጨረሻ። «ለምን አልነገርሽኝም እንዳትዪ። ብነግርሽ ትወስጂብኝ ነበር። እጄን ነው የምትወስጂብኝ። አንቺ ጠዋት ስትቆልፊልኝ፣ እኔ ልጅ ሆኜ አንቺ እናት ስትሆኚ፣ ምን ይሰማኝ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

ማግኔት መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሁሉንም ነገረቻት፤ የማክሰኞውን ስልክ፣ ወረቀቱን፣ ከሳንቃው ወዲያ የሰማችውን፣ አስኳል የመሰለውን ዓይን፣ የዶክተሩን ማስፈራሪያ። አክስቷ አንዴም አላቋረጠቻት። ታሪኩ ሲያልቅ ተነስታ ከልብስ መኪናው መሳቢያ ብልቃጡን አወጣች፤ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ከዚያም ጣቶቿን ለረጅም ጊዜ ስታያቸው ቆየች። መልሳ እንደማትዘረጋቸው ሁሉ ዘረጋቻቸው፣ ሰበሰበቻቸው።

«ሌሎቹስ?» አለች።

«የትኞቹ?»

«አንቺ ልጅ! እነዚያ በየሳምንቱ እዚህ አልጋ ላይ ተጋድመሽ የምትደውዪላቸው ናቸዋ። ጉልበትዎ እንዴት ናት የምትያቸው። ለእነሱስ ነግረሻል?»

ማግኔት ስልኳን አየች። ከጠዋት ጀምሮ አንዴም አላሰበቻቸውም። መቶ ዘጠኝ ሰው፣ ስማቸውም ቁጥራቸውም ስልኳ ላይ አለ፤ እሷ ግን ከቢሮው እስከ አጣቢዋ፣ ከአጣቢዋ እስከ ቤቷ የሮጠችው አንድ ሰው ብቻ በልቧ ይዛ ነው። «እትዬ፣ ያስሩኛል» አለች፤ ድምፅዋ የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነ።

«ሊያስሩሽ ይችላሉ» አለች አክስቷ። አታስቢ፣ ምንም አይሉሽም አላለቻትም። መሳቢያውን እንደገና ከፍታ የፈረመችበትን ወረቀት አወጣችና መነጽሯን አድርጋ የመጨረሻውን ገጽ ማንበብ ጀመረች። «እዚህ ታች ላይ ስልክ አለ። በደል ቢደርስብዎ ይላል። ይሄ የማን ነው?»

ጥናቱን የሚፈቅደውና የሚቆጣጠረው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ስልክ ነበር። ማግኔት ለመቶ አሥራ አንድ ሰው ያንን ገጽ አስፈርማለች፤ ስታስፈርም ያንን መስመር በጣቷ ሸፍና አታውቅም፣ አንብባም አሰምታ አታውቅም። ደወለች። ያነሳችው ሴት እንቅልፍ እንደመጣባት ሰው ነበር የምትናገረው፤ ወሬው ሲጀመር ግን ወንበር ሲገፋ፣ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ።

«አርባ አንድ ቁጥር ጠፍታለች ተብሎ ይጻፋል» አለች ማግኔት። «አልጠፋችም። ሆስፒታል ናት።» ቀኑን ተናገረች፣ ሕመሙን ተናገረች፣ ሴትዮዋም እየደገመች ጻፈች። «እንዳታቋርጪ ያላት ማን ነው?» ስትባል የአክስቷን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከዚያ «እኔ ነኝ» አለች፤ ስሟንም ከነአባቷ ሰጠች። ሴትዮዋ ጽፋ ስትጨርስ፣ «ዛሬውኑ ጥናቱን እናስቆማለን፤ ደብዳቤው ለሁሉም እስኪደርስ ግን ቀናት ይወስዳል» አለቻት።

«ቀናትማ የለም» አለች አክስቷ ነጠላ ጫማዋን በጫማ እየለወጠች።

ወደ ሆስፒታሉ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ መደወል ጀመረች። ደም ተሰጥቶ ውጤት እስኪመጣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣም ደወለች። በጣፋጭ ድምፅዋ ልትጀምር ትሞክራለች፤ ድምፁ ግን አልታዘዝ ይላታል። አንዱ ሰደባት። አንዷ «ታዲያ እስከዛሬ ምን ስትሰጪኝ ነበር?» ብላ አለቀሰች። ጡረተኛው መምህር፣ «አልወጣም ብዬሽ አልነበር?» ብለው ሲቀልዱ ቆይተው፣ እንደማትስቅ ሲገባቸው፣ «እሺ ልጄ፣ አሁኑኑ እሄዳለሁ» አሉ። አክስቷ ከጎኗ ተቀምጣ፣ ከስልኩ በወረቀት በቀዱት ዝርዝር ላይ የተነገረውን ሰው በእርሳስ ምልክት እያደረገች፣ ቀጣዩን ቁጥር ትጠራላታለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሐኪሟ ወጣች። የአክስቷ ጉበት ተጎድቷል፤ ግን ገና ጅምር ነው፤ ዛሬ በማቋረጧ ይመለሳል ብላ ተስፋ ታደርጋለች፤ ሰኞ ደግማ ደም ትሰጣለች። ስለ አጣቢዋ ስትጠየቅ፣ «እየታገልን ነው» ብቻ አለች፣ ወደ ክፍሉ እየተመለሰች። የአጣቢዋ እህት ከበሩ ማዶ ቆማ ማግኔትን ታያት ነበር። አሁን ፊቷ አልበራም። ሁሉንም ሰምታለች። ማግኔት ልትነሳ ስትል እህትየዋ ጀርባዋን ሰጥታት ገባች።

«ቀጥዪ» አለች አክስቷ በለሆሳስ። «ሃያ ሦስት ቁጥር።»

ሃያ ሦስት ቁጥር የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ወገቡንና ጣቶቹን ያመው የነበረ፣ ቀልደኛ ሰው። ስልኩን ያነሳችው ሚስቱ ናት።

«ተኝቷል» አለች። «ሰሞኑን መኪናውንም አቁሞ እንቅልፍ ብቻ ሆኗል። ሲነቃም የት እንዳለ ይጠፋዋል፤ ትናንት ልጁን ማን ነሽ አላት። ድካም ነው ብለን ተውነው።»

ይሄ ለማግኔት የተጎዳ ጉበት እንጂ የድካም እንቅልፍ አልመሰላትም። «ቀስቅሺው» አለች።

«ኧረ ይረፍ ብዬ...»

«እባክሽ ቀስቅሺው! አሁን!»

ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። የሴትዮዋ እግር ራቀ። ስሙን ጠራችው። ቆይታ ድጋሚ ጠራችው፣ ጮክ ብላ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠራው ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ማግኔት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ተጭና፣ በሌላ እጇ የአክስቷን ክንድ እስኪያማት ጨብጣ አዳመጠች። ምንም አይሰማም። አሁንም ምንም። ከዚያ አልጋ ሲንቋቋ፣ አንድ ከባድ ነገር ሲንገዳገድ ተሰማ፤ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ የመሰለ ወፍራም ድምፅም ስልኩ ላይ መጣ።

«ማነው?»

«ጋሼ» አለች ማግኔት። እንባዋ አፏ ውስጥ ገብቶ ነበር። «ያስፈረምኩዎት እኔ ነኝ። እንዳይተኙ። እየመጣሁ ነው።»